ስለ መንግሥቱ ወርቁ ተጫዋችነትና አሠልጣኝነት

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር እረኞች ጨርቅ ጠቅልለው የሠሯትን ኳስ ሲያባርሩ ያላየ መንገደኛ ያለ አይመስለንም። አያቶቻችን በዚሁ መስክ በገና ሰሞን ሩር በዱላ ሲመቱ ኖረዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን ወቅት ሳይጠብቁ እግር ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ከነዚህ ልጆች አንዱ ግብ ሲያገባ፥ ከዳር ተቀምጠው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «አይ መንግሥቱ ወርቁ!» ሲሉት ሰማን። ልጁ ዘወር ብሎ «ስሜ እሱ አይደለም» አላቸው። ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው የልጁ መልስ ነው።

አቶ መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊው ቡድን አጥቂ ነበሩ። ስማቸው የገነነው በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። በውድድሩ የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ስለ ነበሩ ኢትዮጵያ ዋንጫውን ለመውሰድ ሁለት ጊዜ መጫወት ብቻ አስፈለጋት፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። በመጀመሪያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከዚያም ጥር 13 ቀን ከተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ፥ ማለት ከግብፅ፥ ጋር ገጥማ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነች፤ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ሁለት ግብ አገባች። የመጨረሻዋንና ጥርጣሬውን ሁሉ የዘጋችውን ያስቆጠሩት መንግሥቱ ናቸው። በዚያ ውድድር 3 ግብ በማግባት ከግብፁ ከበዳዊ ጋር እኩል የአግቢነቱን አንደኛነት ያዙ።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖና ወንድሙ ኢታሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአሥመራ ልጆች ናቸው፤ ኤርትራ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች። ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አሥመራ የሚወርደውን መንገድ የጠረገው ጣልያን በወረራው ዘመን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያደግን እኛ ይህን ሳናስብ ለማለፍ አልቻልንም።

አንዳንድ ሰዎች ያን ድል ያመጣው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ይላሉ። ነገሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ደባርቅ ላይ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ እንዴት እንደሚቆራረጥ የምናውቅ ሰዎች፥ ሁለቱ ግቦች በተጨማሪው ሰዓት መግባታቸው እንዲያው ድንገት ነው ለማለት ይቸግረናል። ነገር ግን ከፍታው ብቻ የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ፥ በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና እኛ ዘንድ ሲደረግ ኮንጎ ኪንሻሳ ኢትዮጵያን 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ባልሄደች ነበር። መንግሥቱም በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ግብ አግብተዋል፤ ከነዚህ ሰባቱ ከ1954 ዓ.ም. በኋላ የመጡ ናቸው። ተራራ ግብ አያገባም።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘነጋው አሠልጣኝነታቸው ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ይበልጥ ሊጠና የሚገባው እሱ ነው። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊውን ቡድን እየመሩ በሊቢያ ወደ ተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ሄዱ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፥ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። 10 ግብ ያገቡ ሰው ያሠለጠኑት ቡድን አንዲት ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ነገሩን በዚህ ብቻ ዘግቶ መሳለቅ ቀላል ነው። ሆኖም ያ በኢትዮጵያ ላይ ግብ ማግባት የተሳነው የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ፥ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፥ በስፓኝ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈ። ስለዚህ 0 ለ 0 የሚለው ቁጥር ቀላል አይደለም። ግብ ያገባን ሰው ሕዝብ ዘወትር ያስታውሰዋል፤ ግብ እንዳይገባ የመከረን አሠልጣኝ ስም ግን ማንም በመንደር ሜዳ ላይ ሲጠራ አልሰማንም።

ከሊቢያው ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሳትመለስ 31 ዓመት ቆየች። አቶ መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ቡድን በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ፤ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የኢትዮጵያ በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ፥ ቡድኑ በ10 ሰው እየተጫወተ አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1 ለ 1 ተለያዩ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ግብ ስታገባ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀኑም ጥር 13 ነው፤ መንግሥቱ በግብፅ ላይ የመጨረሻዋን ግብ ካገቡ ልክ 51 ዓመት።