የቆሽትን ዕጢ በሥጋ ምርመራ የመለየት ታሪክ

ቆሽት በቋንቋችን የንዴት ማደሪያ ነው፤ የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። በሕክምና ግን ከጨጓራ ጀርባ የተሸሸገ፥ ምግብን የሚያብላላ ፈሳሽና የደምን ስኳር የሚቈጣጠር ኢንሱሊን የሚያመነጭ ብልት ነው። ስፍራው ጥልቅ ስለ ሆነ በላዩ የበቀለውን ዕጢ ሐኪም በእጁ ዳስሶ በቶሎ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም ጠባዩን በርግጥ የሚረዳው ከዕጢው ቈርጦ በአጉሊ መነጽር ሲያየው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የተቈረጠው ሥጋ ለሐኪሞች ምን እንደ ነገራቸውና ምን እንደ ሸሸጋቸው ይመረምራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ በርሊን ነው። ሩዶልፍ ፊርኮ በ1858 ባሳተመው መጽሐፉ የበሽታን ምንጭ በሕዋሳት ውስጥ መፈለግ እንደሚገባ አስተማረ። በ1869 ደግሞ ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ የ21 ዓመት የሕክምና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የቆሽትን ሥጋ ሲመረምር፥ ከቀሩት ተለይተው በየቦታው የተሰባሰቡ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘ። ሥራቸውን ግን አላወቀም፤ አለማወቁንም ሳይሸሽግ ጻፈ። በ1893 ፈረንሳዊው ኤድዋር ላጌስ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ብሎ ሰየማቸው።

በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ባገኙ ጊዜ የደሴቶቹ ሥራ ግልጽ ሆነ። ታዲያ ኢንሱሊን ሲያንስ የስኳር በሽታ ከመጣ፥ ሲበዛስ ምን ይሆናል? መልሱ በ1927 ከአሜሪካ፥ ከሜዮ ክሊኒክ ተሰማ። አንድ ሐኪም ራሱ ታሞ የደሙ ስኳር እየወረደ ያስቸግረው ነበር። ዊልያም ሜዮ ሆዱን ከፍቶ ቢያይ ከቆሽት ተነሥቶ ወደ ጉበት የተዛመተ ዕጢ አገኘ፤ በሽተኛውም ብዙ ሳይቈይ ሞተ። አጉሊ መነጽሩ የዕጢው ሕዋሳት የደሴቶቹን ሕዋሳት እንደሚመስሉ አሳየ። ኢንሱሊን ማመንጨታቸውን የመሰከሩት ግን ጥንቸሎች ናቸው፤ ከጉበቱ ዕጢ የተጨመቀው ፈሳሽ ሲወጋቸው የደማቸው ስኳር ወረደ። በ1929 ሮስኮ ግራም በቶሮንቶ እንዲህ ያለውን ዕጢ ሳይዛመት አውጥቶ ሰው አዳነ።

ከዚህ የምንረዳው መልክ ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ነው። የደሴት ዕጢ ሕዋሳት ሥርዓት ያላቸው መስለው ሳለ ሊዛመቱ ይችላሉ። ደግሞም ዞሊንገርና ኤሊሰን በ1955 የደሴት ዕጢ ያለባቸውን፥ አሲድ እየበዛባቸው ቍስላቸው የሚደጋገም ሁለት በሽተኞች ገለጹ፤ እንዲህ ያለው ዕጢ የሚያመነጨው ጋስትሪን የተባለ ሌላ ሆርሞን መሆኑ ኋላ ታወቀ።

ከሁሉ የሚበዛው የቆሽት ነቀርሳ ግን ከደሴቶቹ ሳይሆን ከፈሳሹ ቱቦዎች የሚነሣው ነው። በዚህ ላይ የፓቶሎጂ ሐኪም ጭንቀት ሌላ ነው። ለብዙ ጊዜ የቈየ የቆሽት ብግነትም እንደ ነቀርሳው ሥጋውን ያጠነክራል፤ በጠባሳው መካከልም ትናንሽ ቱቦዎችን ያስቀራል። ሉዊ ዊልሰን በ1905 በሜዮ ክሊኒክ ባወጣው ዘዴ ሥጋው በብርድ ደርቆ በደቂቃዎች ውስጥ ይመረመራል፤ ቀዶ ጠጋኙም ቢላውን ይዞ መልሱን ይጠብቃል። ነቀርሳ ነው ከተባለ፥ አለን ዊፕል በ1935 በኒው ዮርክ ባስተዋወቀው ቀዶ ጥገና የቆሽት ራስ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር ይወጣል፤ ይህም በቀደመው ዘመን ብዙዎችን ይገድል ነበር። ብግነት ነው ተብሎ ነቀርሳ ከሆነ ደግሞ በሽተኛው ከነሞቱ ይሰፋል። ስለዚህ መርማሪው የቱቦዎቹ አቀማመጥ ሥርዓቱን ጠብቋል ወይ? የሕዋሶቹ እምብርት መጠን እጅግ ይለያያል ወይ? ሕዋሶቹ ወደ ነርቭ ገብተዋል ወይ? ብሎ ይጠይቃል።

አልበርት ኩንስ ከ1941 ጀምሮ ያስፋፋው፥ በፀረ እንግዳ አካል የማቅለም ዘዴ ሕዋሱ የያዘውን ሆርሞን በሥጋው ላይ ለማሳየት አስቻለ፤ የጥንቸሉንም ምስክርነት ተካ። ከ1992 ወዲህም በጕሮሮ በሚገባ የአልትራሳውንድ መሣሪያ እየተመሩ ሆድ ሳይከፈት በመርፌ ሥጋ መውሰድ ተችሏል። ሆኖም መርፌው የሚያመጣው ጥቂት ሕዋስ ነው፤ የቱቦዎቹን ሥርዓት ሁልጊዜ አያሳይም።

እንግዲህ የዚህ ምርመራ ታሪክ የአጉሊ መነጽር ብቻ ታሪክ አይደለም። ፍርዱ የቀናው ሥጋውን የሚያየው ሐኪም በሽተኛውን ከሚያየው ሐኪም ጋር በተማከረ ጊዜ ነው።