የአይላ በቀል፣ የሹቤናካዲ ጅራፍ

ፖፐር ልብሱን አውልቆ ገላውን ሊታጠብ ቧንቧውን ይከፍታል። የሚወርድበት ግን ውሃ ሳይሆን ዓይነ ምድር ነው። ድግሱን የደገሱለት አይላ የምትባል ኮረዳና ጓደኞቿ ናቸው። ሰውየው የነባር ሕዝቦችን መንደር የሚያስተዳድር የመንግሥት ወኪል ሲሆን፣ ልጆችን እያፈሰ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባል። አይላም እንዳትወሰድ ማሪዋና እየሸጠች ጉቦ ትከፍለዋለች።

«ራይምስ ፎር ያንግ ጉልስ» የተባለው ይህ የካናዳ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዳይሬክተሩ ጄፍ ባርናቢ ሚግማ የተባለው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ሲሆን፣ ታሪኩን ያስቀመጠው በተወለደበት ዓመት በ1976 ነው። ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይነቃል፤ የሚግማ ልጆች ይታጎሩበት የነበረው የኖቫ ስኮሺያው ሹቤናካዲ አዳሪ ትምህርት ቤት በ1967 ተዘግቷል። እኔ ግን ለዳይሬክተሩ እፈርዳለሁ። የነባሮቹን ኑሮ ሁሉ በወኪል እጅ የጣለው የኢንዲያን ሕግ የወጣው በ1876 ነውና፣ ፊልሙ የቆመው ልክ በመቶኛው ዓመት ላይ ነው። በሩ ተዘጋ ማለት ደግሞ ነገሩ አበቃ ማለት አልነበረም።

ሕጉ በ1920 ሲሻሻል ከ7 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸው ግዴታ ሆነ። ማሻሻያውን የገፋው የነባር ሕዝቦች ጉዳይ የበላይ ባለሥልጣን ደንከን ካምቤል ስኮት ነበር (በአገሩ የተመሰገነ ገጣሚም ነበር፤ ግጥምና ርኅራኄ ሁልጊዜ አብረው አያድሩም)። ዶክተር ፒተር ብራይስ ልጆቹ በሳንባ ነቀርሳ እያለቁ መሆኑን ገና በ1907 ለመንግሥት ጽፎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በጠቅላላው 150,000 ያህል ልጆች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል።

ሹቤናካዲ በ1930 ሥራ ጀመረ። በ1934 ገንዘብ ተሰረቀ ተብሎ 19 ወንዶች ልጆች ከፈረስ ዕቃ ቆዳ በተሠራ ባለ ሰባት ዘርፍ ጅራፍ ተገረፉ። ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረ አለ። መንግሥት ኦዴት የሚባሉ ጡረተኛ ዳኛ ልኮ አስመረመረ፤ ዳኛውም ልጆቹ የእጃቸውን ነው ያገኙት ብለው ትምህርት ቤቱን ነጻ አወጡ። በፊልሙ ውስጥ አይላና ጓደኞቿ የፖፐርን ገንዘብ ሊዘርፉ ሲገቡ ያንን ፍርድ የሚያውቅ ተመልካች «ይበላችሁ» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም።

ፊልሙ የሚያንስበት ቦታም አለ። ፖፐር ክፋቱ ከፊቱ የሚነበብ ጨካኝ ነው፤ ደም የሚመለስበት ሰው ስለሚያስፈልግ ይመስለኛል። ስኮት ግን ማንንም በእጁ አልገረፈም፤ መዝገብ ላይ ይፈርም ነበር። በፊርማ ላይ እንዴት ይበቀሏል? በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ፤ ካሳ ተከፈለ፤ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽኑም በ2015 ምስክርነቱን አሰባስቦ 94 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ሁሉም የሚያስፈልግ ነበር። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ባርናቢ ያንን ቂም ነው ለስክሪን ያበቃው።

ከበቀሉ ይልቅ ያልለቀቀኝ የአይላ ቤት ነው። እናቷ ሰክራ መኪና ስትነዳ የገዛ ልጇን ገጨች፤ ራሷንም አጠፋች። አባቷ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ሰባት ዓመት ታሰረ። ወኪሉ እዚያ ቤት በር ላይ ሳይደርስ ቤቱ ፈርሶ ነበር።