ኑክሊየስና ኪኔቶፕላስት፦ የሕዋስ ክፍሎችና የካላዛር ምርመራ ታሪክ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከመተማ እስከ ቋራዋ ገለጉ ባለው የሱዳን ጠረፍ፣ የሰሊጥና የማሽላ አረምና አጨዳ ሲደርስ በርካታ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። ከእነርሱም መካከል በማይለቅ ትኩሳት፣ በክብደት መቀነስና በጣፊያ ማበጥ የሚሠቃዩ ይገኛሉ። ወባ በበዛበት አካባቢ እንዲህ ያለው ሕመም በቀላሉ የወባ ተደርጎ ይታለፋል። ነገር ግን ሕክምና ካላገኘ ለሞት የሚዳርገው ካላዛር ሊሆን ይችላል። በሽታውን ለይቶ ለማወቅ ያስቻለው የአንዲት ጥቃቅን ሕዋስ ክፍሎችን አጥርቶ መመልከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 ሐኪሙ ዊልያም ሊሽማን፣ ሕንድ ውስጥ በዱምዱም አገልግሎ በእንግሊዝ አገር ከሞተ ወታደር ጣፊያ የተወሰደ ናሙና መረመረ። በናሙናውም ውስጥ እንቁላል መሰል ጥቃቅን አካላትን አየ። እያንዳንዳቸው ቀለም የያዙ ሁለት ነጥቦች ነበሯቸው፤ አንዱ ተለቅ ያለና ክብ፣ ሌላው አነስተኛና ዘንግ መሰል ነበር። ሊሽማን እነዚህን ከትሪፓኖሶማ ጋር አመሳስሎ በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ «የፈራረሱ ትሪፓኖሶማዎች» ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገመተ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን በማድራስ በሕይወት ካለ ሕመምተኛ ጣፊያ በመርፌ በቀዳው ናሙና ተመሳሳዩን አካላት በማግኘቱ፣ ነገሩ ከሞት በኋላ የመጣ መፈራረስ አለመሆኑ ታወቀ። ሮናልድ ሮስም ተሕዋሱን በሁለቱ ሐኪሞች ስም ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ብሎ ሰየመው።

ተለቅ ያለው ነጥብ የዘር መረጃን የሚይዘው ኑክሊየስ ነው። አነስተኛው ኪኔቶፕላስት ይባላል፤ እርሱም በተሕዋሱ ብቸኛ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የታጨቀ ዲኤንኤ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ኪኔቶፕላስት የለም።

ተሕዋሱ የሚኖርበት ቦታም የራሱ ታሪክ አለው። ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1880ዎቹ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት መኖራቸውን አስረዳ። ክርስቲያን ደ ዱቭ ደግሞ በ1955 በሕዋስ ውስጥ የተዋጠውን የሚፈጭ ከረጢት ለይቶ ላይሶሶም ብሎ ሰየመው። ማክሮፋጅ ሌሎች ባዕዳንን በዚህ ከረጢት አሲድና ኢንዛይም ያጠፋል፤ ሊሽማኒያ ግን በዚያው ውስጥ ይራባል። ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ የሚጎዱትም ማክሮፋጆች በብዛት የሚገኙባቸው ስለሆኑ ነው።

መድኃኒቶቹም በሕዋስ ክፍሎች ልዩነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አምፎቴሪሲን ቢ በተሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ኤርጎስቴሮል ጋር ተጣምሮ ሽፋኑን ያፈርሳል፤ የሰው ሕዋስ ሽፋን በዋናነት የያዘው ኮሌስትሮል ነው። ፓሮሞማይሲን ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦሶም ያውካል። ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድነት ለያዛቸው የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ መክሯል። ለዚህ ምክር መነሻ የሆነው ጥናት የተካሄደው በጎንደርና በአብደራፊ ነበር።

በአገራችን በሽታው በ1970ዎቹ በሁመራ ቆላ በሚሠሩ የእርሻ ሠራተኞች ላይ በርትቶ ታይቷል። በ2005 ደግሞ ቀድሞ ባልታወቀበት በሊቦ ከምከም ደጋ ወረርሽኝ ተነሣ። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ተሕዋሱን ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይታመናል። ስለዚህ በገለጉ የታለፈ አንድ ሕመምተኛ ጉዳቱ በራሱ ላይ ብቻ አይቀርም።

የአር ኬ 39 ፈጣን ምርመራ ለጤና ጣቢያ ሥራ ትልቅ እገዛ ነው። ሆኖም በምሥራቅ አፍሪካ የበሽታውን ምልክት ያሳዩ አንዳንድ ሕሙማንን ያመልጣል፤ በተለይም ኤችአይቪ ያለባቸውን። ውጤቱ አሉታዊ ሆኖ ጥርጣሬው ከቀጠለ፣ ሕመምተኛው የጣፊያ ወይም የመቅኔ ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል ይላክ። የላቦራቶሪ ባለሙያውም ፕሌትሌትን ወይም የቀለም ዝቃጭን ተሕዋስ ብሎ እንዳይሳሳት፣ ኑክሊየሱንና ኪኔቶፕላስቱን በአንድ ሽፋን ውስጥ አብረው ሳያይ «ተገኝቷል» ብሎ አይጻፍ። ሊሽማን በ1900 ያያቸው ሁለት ነጥቦች ዛሬም የምርመራው ማረጋገጫ ናቸው።