ከዳንግላ እስከ ቦስተን፦ የተሰበረ ዳሌና የአልጋ ቀናት

እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ገባ። (ያመጣው የጣናና የዓባይ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን እንጫወታለን።) በዚያ ዘመን ዳንግላ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊትና ለንደን ውስጥ የተሰበረች አቻዋ ዕጣቸው እምብዛም አይለያይም ነበር። የዳንግላዋ ወጌሻ አሽቷት ትተኛለች። የለንደኗ እግሯ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ወይም እስከ ወገቧ በጀሶ ተጠቅልላ ለወራት ትተኛለች። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ስብራቱ ሳይሆን መኝታው ነበር፤ ሳንባ ይታመማል፣ ደም ይረጋል፣ ጀርባ ይቆስላል። የተረፈችውም ከምርኩዝ አትላቀቅም።

አዊ የፈረስ አገር ነውና ዳሌ ተሰበረ ሲባል ከፈረስ መውደቅ ይታሰበናል። የአሮጊት ዳሌ ግን ከዱካ ሲነሱ አዳልጧቸው ይሰበራል።

ለውጡ የጀመረው በዚያው በ1925 ነው። ቦስተን ላይ ስሚዝ-ፒተርሰን የተባለ ሐኪም ሦስት ክንፍ ያለው ምስማር የጭን አጥንት አንገት ውስጥ አስገብቶ ስብራቱን አጣበቀው፤ ውጤቱንም በ1931 አሳተመ። ብረቱ አጥንቱን ስለያዘው በሽተኛው እስኪገጥም ሳይጠብቅ ከአልጋ መውረድ ቻለ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ግን ይህን አምኖ ለመቀበል አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው። ብረት አስገብተውም ያስተኙ ነበር! ዛሬ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ቀዶ ሕክምናው በሽተኛው በገባበት ዕለት ወይም በማግስቱ ይሁን ይላል። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ደግሞ ይቁም። ከ2007 ጀምሮም ይህን የሚከታተል ብሔራዊ መዝገብ አላቸው።

ወደ እኛ እንምጣ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ለውልቃት እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ፤ የዳሌ ስብራት ግን በማሸት አይገጥምም። ቀን ያልፋል። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፤ ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ለብረት መግዣ በሬ ይሸጣል፣ ደም ለጋሽ ይፈለጋል፣ ተራ ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ መሐል አሮጊቷ ተኝታለች፤ ጡንቻዋም በየቀኑ ይሟሽሻል።

ስለዚህ «ስንት ቀን ተኛች?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስንት? በኋላስ ስንት? የፊቱ ባጠረ ቁጥር መልካም ነው። የኋላው ግን በጭፍን ይጠር ማለት ስሕተት ይመስለኛል። እንግሊዝ ውስጥ ከሆስፒታል ቶሎ የወጣች አሮጊት ብዙ ጊዜ ሌላ ማገገሚያ ትገባለች፣ ወይም ፊዚዮቴራፒስት ቤቷ ይመጣል። እንጅባራ ግን ወጣች ማለት ቤቷ ገባች ማለት ነው፤ ጭቃ ደጅ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት፣ ዝቅ ያለ መደብ። አልጋ ለማስለቀቅ ተብሎ በዎከር ጥቂት እርምጃ ሳትራመድ ብትሸኝ እዚያ ማን ያስተምራታል?

ልጆቿ ያሉት አዝነው «እማማ አይዞሽ፣ አትነሺ፣ እኛ አለን» እያሉ ነው። ገንፎውም ውሃውም አልጋዋ ድረስ ይመጣል። በሁለተኛው ወር ልነሳ ስትል ጉልበቷ አይሸከማትም። ሐኪሙ ሲሸኛት ለልጇ ምን ያህል እንድታራምዳት፣ እግሯን ምን ያህል እንድትረግጥበት በቃል ሳይሆን አሳይቶ ቢነግራት፣ አንድ ከፍ ያለ ወንበርም ቤት ውስጥ ቢዘጋጅ፣ ወጪው ከበሬው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።