በቤት ውስጥ በሚገኝ ቁሳቁስ የሚሠሩ ቀላል የእጅ ሥራዎች፦ ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አካባቢ ልምድ

ወልዲያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። አካባቢው ከደጋማው ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ቆላማው ሜዳ የሚዘልቅ በመሆኑ ነዋሪው ለእጅ ሥራ የሚሆን ልዩ ልዩ ቁሳቁስ በቅርቡ ያገኛል። የስፌት ሣር፣ የቃጫ አጥር፣ የጤፍ ጭድ፣ የማሽላ አገዳ፣ እበትና ሸክላማ አፈር ከዚሁ የሚጠቀሱ ናቸው። ባዶ ጀሪካን፣ የምግብ ዘይት ቆርቆሮና ከረጢትም በየቤቱ አይጠፉም።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አካባቢው በጦርነት ውስጥ በቆየበት ጊዜ በርካታ ቤተሰቦች የቤት ዕቃቸውን አጥተዋል። የጠፋውን ዕቃ ሁሉ ከገበያ ገዝቶ ለመተካት አቅም የማይፈቅድለት ቤተሰብ ከፊሉን በእጁ ሊሠራ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በትንሽ ወጪ ወይም ያለ ወጪ የሚሠሩ አራት ዕቃዎችን ያስተዋውቃል። ለሥራው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቁሳቁሱን መምረጥና ማዘጋጀት ነው፤ መቼ እንደተቆረጠ፣ እንዴት እንደደረቀና ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበረ ማወቅ የዕቃውን ዕድሜና የተጠቃሚውን ጤና ይወስናል።

የሣር ስፌት

ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ሙዳይና መሶብ የሚሠሩት በተመሳሳይ ዘዴ ነው። የሣር እስር እየተጠማዘዘ ሲዞር በላዩ ስንደዶ ወይም አክርማ ይጠመጠምበታል፤ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ ከቀደመው ጋር በወስፌ እየተወጋ ይሰፋል። ዙሩ ወደ ጎን ከሰፋ ሰፌድ ይሆናል፤ ወደ ላይ ከተገነባ እንቅብ ወይም ሙዳይ ይወጣዋል። መሶብ ክዳንና እግር ስለሚያስፈልገው ለጀማሪ አይመከርም። በሰፌድ የጀመረች ሴት እጇ ሲፍታታ ወደ ሌላው መሸጋገር ይቀላታል።

ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። በዚህ ወቅት ዘንጉ ረዝሞ ገና ስላልደረቀ አይሰበርም። የተለቀመው ስንደዶ በጥላ ሥር ይደርቃል። ቀለም የሚገባበት ከሆነ በፈላ የቀለም ውሃ ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከመሰፋቱ በፊት በውሃ ይርሳል፤ ደረቅ ስንደዶ ሲጠመጠም ይሰነጠቃልና። በአንጻሩ የውስጡ ሣር በሚገባ መድረቅ አለበት። እርጥብ ሣር በጊዜ ሂደት ሲኮማተር ስፌቱን ያላላዋል።

የተሠራው ዕቃ ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል ከእርጥበት መጠበቅ ይኖርበታል። ትኩስ እንጀራ የሚቀመጥበት መሶብ ውስጡ ንጹሕ ጨርቅ ቢነጠፍበትና ከአገልግሎት በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ነፋስ ቢያገኝ ሻጋታ አይይዘውም። ጠርዙ ያለቀ ሰፌድም አይጣልም፤ የተበላሸው ዙር ተፈትቶ በአዲስ ስንደዶ ይተካል።

ጎታ

ጎታ በቤት ውስጥ እህል የሚቀመጥበት የጭቃ ዕቃ ነው። አፈሩ ከድንጋይ ይለይና ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ተቦክቶ በእግር ይረገጣል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያይዘዋል። ቡኮው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ካረፈ በኋላ ግድግዳው ዙር በዙር ይነሣል፤ የታችኛው ዙር ሳይጠነክር የላይኛው አይጨመርም። ከግርጌው እህል የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተትቶ በውታፍ ይዘጋል። በመጨረሻም ውስጡና ውጪው በእበት ይለቀለቃል። ጎታው ከወለሉ እርጥበትና ከአይጥ እንዲርቅ በድንጋይ ወይም በእንጨት መደብ ላይ ይቀመጣል።

ጎታው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እርጥብ እህል ከገባበት ይሻግታል፤ ነቀዝም ይበዛበታል። የእህሉን ድርቀት በቤት ውስጥ ለመፈተን ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስና ጨው ይበቃሉ። የጠርሙሱ አንድ ሦስተኛ በእህል ይሞላል፤ አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርበታል፤ ከዚያም ክዳኑ ተገጥሞ በደንብ ይናጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ በመሆኑ ተመልሶ ፀሐይ ላይ መሰጣት ይኖርበታል። ለረጅም ጊዜ የሚከማች የብርዕና የአገዳ እህል እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል።

የጀሪካን እጅ መታጠቢያ

እንጀራ በእጅ የሚበላ ምግብ በመሆኑ የእጅ ንጽሕና ከጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቤት አምስት ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጀሪካን፣ አራት እንጨት፣ ገመድና ሚስማር ለእጅ መታጠቢያ ይበቃሉ።

ሁለት ባላ እንጨቶች ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ይተከሉና አንድ አግዳሚ ይጋደምባቸዋል። ጀሪካኑ በእጀታው በኩል በአግዳሚው ላይ ይንጠለጠላል። በጋለ ሚስማር ከአፉ ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ከጀሪካኑ አንገት የታሰረ ገመድ ወደ መሬት ወርዶ ከአራተኛው እንጨት ጋር ይያያዛል። ይህን እንጨት በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ ውሃ ያፈሳል፤ ሲለቁት ይቃናል። የታጠበ እጅ ጀሪካኑን ስለማይነካው ንጽሕናው እንደተጠበቀ ይቆያል። ሳሙና ተበስቶ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ውሃው በሚወርድበት ቦታም ጭቃ እንዳይፈጠር ጠጠር ይደፋበታል።

ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት፣ ከመመገብና ጡት ከማጥባት በፊት እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ይኖርበታል።

የገበያ ዘንቢልና የቃጫ ገመድ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ በስብሰው ወደ አፈርነት የማይለወጡ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ገድቦ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ በተለምዶ ፌስታል የሚባለውን ከረጢት ከልክሏል። በመሆኑም ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ደጋግሞ የሚጠቀምበት መያዣ ያስፈልገዋል።

ከሚያገለግሉት ቁሳቁሶች አንዱ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በሚፈለገው መጠን ይቆረጣል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለሚተረተር ሁለት ጊዜ ታጥፎ በጆንያ መርፌ ይሰፋል። ለማንጠልጠያ የተጎነጎነ የቃጫ ገመድ ይመረጣል። ይህ ዓይነቱ ከረጢት ፀሐይ ላይ ሲውል እየተሰባበረ ስለሚሄድ ዘንቢሉን በጥላ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ቃጫ ከአጥሩ ላይ ተቆርጦ ይወቀጣል፤ ሥጋው ተፍቆ ይወገድና ጭረቱ ታጥቦ ይሰጣል። የቅጠሉ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያሳክክ ሠሪው እጁን በጨርቅ መሸፈን አለበት። ቃጫ ሰውና ከብት በሚጠጡበት ምንጭ ወይም ኩሬ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ ውሃውን ያበላሻልና።

መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

በአማርኛ «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል በተለምዶ ከረጢቱን ራሱንም ይጠራል። በዚህ አጠራር ምክንያት ዱቄት የነበረበትና የአፈር ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት በቀላሉ ሊምታቱ ስለሚችሉ ከሥራው በፊት ለይቶ ማወቅ ይገባል። የአፈር ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ለመቀመጫ ምንጣፍ ወይም ለአፈር ማጓጓዣ ይውላል እንጂ ለእህል፣ ለዱቄትና ለሌላ የምግብ መያዣ አይሆንም።

የፀረ ተባይ፣ የፀረ አረምና የነቀዝ መድኃኒት መያዣ ለማንኛውም የቤት ዕቃ መሥሪያ ሊውል አይገባም። መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርጽ በአመድም ሆነ በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ አያስወግደውም። በተለይ ለእጅ መታጠቢያ ወይም ለውሃ መቅጃ የሚመረጥ ጀሪካን ቀድሞ የምግብ ዘይት ወይም ውሃ የያዘ ሊሆን ይገባል። ቀድሞ የያዘው ነገር በእርግጠኝነት የማይታወቅ ጀሪካን አይመረጥም። የቀለም፣ የሞተር ዘይትና የነዳጅ ዕቃም እንዲሁ ነው።

ከዘይት ቆርቆሮ ዕቃ የሚሠራ ሰው ስለታም ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ በመዶሻ ማስተኛት አለበት። ሚስማር ማጋልና ወስፌ መያዝ የአዋቂ ሥራ ሲሆን፣ ልጆች በስንደዶ ለቀማ፣ በማራስና በመጎንጎን ሊሳተፉ ይችላሉ። ስፌት ከእናትና ከአያት ወደ ልጅ የሚተላለፈው አብሮ በመሥራት ነውና ልጆች በሥራው መገኘታቸው ሙያው እንዳይቋረጥ ይረዳል።

ስለ እጅ መታጠቢያ አሠራርና አጠቃቀም የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ስለ እህል ክምችትና ስለ ፀረ ተባይ መያዣዎች አወጋገድ ደግሞ የቀበሌ ግብርና ልማት ሠራተኞች ማብራሪያ ይሰጣሉ።