ማረሻ ሠሪው ርስት አልነበረውም

የወገራ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም የሚሄደው ወንዝ ዳር ወዳለው የባለ እጅ መንደር ነበር። ልጁ የፍየል ቆዳ ወናፉን በሁለት እጁ ያናፋል፤ ከሰሉ ሲፍም አባት ብረቱን በጉጠት ይዞ በመዶሻ ያሾለዋል። ገበሬው ማረሻውን ተሸክሞ ርስቱን ሊያርስ ይመለሳል። የሠራለት ቤተ እስራኤል፣ ኢትዮጵያዊው አይሁዳዊ፣ ግን ርስት አልነበረውም።

በሰሜን ተራሮች ደጃፍ፣ ደባርቅ ላይ፣ ለእንግዳ ዋልያና ጭላዳ እናሳያለን፤ ደግ ነው። የእነዚህ ሰዎች ታሪክም አብሮ ይነገር እላለሁ፤ የእኛው ነውና።

ቤተ እስራኤል በሰሜን ተራሮች የራሳቸው ገዥና አምባ ነበራቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ዘመቱባቸው፤ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚለው ትእዛዝም የእሳቸው እንደሆነ ይነገራል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል አምባቸውን ወጉ። በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ አገዛዛቸውን አፈረሱት። ከዚያ ወዲያ ጭሰኛ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ሆኑ፤ ለጎንደር ነገሥታት ግንበኛና አናጢ ሆነው ሠሩ። ሴቶቹ ሸክላውን ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ እያበጁ ምጣዱንና እንስራውን ያወጡት ነበር።

ጎረቤት በእንስራቸው ውኃ እየቀዳ፣ ልጁ ሲታመም «ቡዳ በላው» ብሎ ጣቱን ወደ እነሱ ይቀስር ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እነሱም በበኩላቸው ክርስቲያን ከነካቸው ወንዝ ወርደው ይታጠቡ ነበር፤ «አትንኩኝ» የተባሉት ለዚህ ነው። ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል፤ ቄሶቻቸው ኦሪትን በግእዝ ያነባሉ። በበዓላቸው በስግድ ቀን ጾመው፣ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ሲወርዱ ይበላ፣ ይዘፈን ነበር።

መሬት ላራሹ በየካቲት 1967 ሲታወጅ ባለ መሬት ለመሆን በቁ። ብዙም አልቆዩበትም። ጦርነቱና ረሃቡ ሲበረታ፣ ኢየሩሳሌምም ስትጠራቸው፣ ብዙዎች በሌሊት በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። 4,000 ያህል ሰው በመንገድና በስደተኛ ጣቢያ አለቀ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ከ6,000 በላይ ሰው ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰደ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በረሩ።

ስግድ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በእስራኤል ሕግ የታወቀ በዓል ነው። በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ በባለ ቀለም ጥላ ሥር ቆመው ይጸልያሉ፤ በደባርቅና በዳባት አብያተ ክርስቲያናት በሚቀደስበት በዚያው በግእዝ።