አብራሪዎቹ ቤታችንን አላዩም

እኛ መዝከረት ባትያ የምንኖር ሰዎች አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ማለት አልተውንም። የቴል ኖፍ የአየር ኃይል ሰፈር ጎረቤታችን ስለሆነ ልጆቻችን ድምፁን ለምደውታል፤ እኛ ነን ያልለመድነው። ባለፈው ሰንበት ተሰብስበን ስንጫወት አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ ያኔ ያመጡን አብራሪዎች ስለኛ ምን ያውቁ ነበር?

አብራሪ የሰው አገር የሚያየው ከበረራ እስከ በረራ ባለችው ዕረፍት ነው። ሆቴል ያድራል፣ ገበያ ይወጣል፣ ቡና ይጠጣል። ወገን ለማንሣት የመጡት ግን ያቺን ዕረፍት አላገኙም።

ነገሩ ከኛ በፊት የጀመረ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. የየመን አይሁዶችን ያመጡት የአላስካ አየር መንገድ አሜሪካውያን አብራሪዎች መነሻቸው የኛው አሥመራ ነበረች! ጠዋት ከአሥመራ ተነሥተው ኤደን ወደብ ሰው ይጭናሉ፣ ቀይ ባሕርን ይዘው ወደ እስራኤል ይመጣሉ። አውሮፕላኑ እዚህ ካደረ ይመታል ተብሎ ስለተፈራ ሰዉን አውርደው ቆጵሮስ ሄደው ያድራሉ። ተሳፋሪዎቹ አውሮፕላን ውስጥ ምግብ ሊያበስሉ እሳት አነደዱ የሚለው ታሪክ የተነገረው በነሱ በኩል ነው። እንዲህ ያለው ወሬ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ስለኛም ተወርቷል።

በሱዳን በኩል የመጡትን ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ያመላለሰው የቤልጅየም ኩባንያ ነበር፤ ትራንስ ዩሮፒያን ኤርዌይስ ይባላል። ከዚያ በፊት የሱዳን ሙስሊሞችን ለሐጅ ወደ መካ ይወስድ ስለነበር ካርቱም ላይ ማንም አልጠረጠረውም። መንገዱ በብራስልስ ነበር። በበረሃ ተጉዘው፣ በካምፕ ልጅ ቀብረው የመጡ እናቶች አውሮፓን በመስኮት አይተው አለፉ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አርብ ደግሞ ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። መንግሥቱ ከሄደ ገና ሦስት ቀኑ ነው። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ተነሣ። ወንበሩ የተነቀለለት አንድ የኤል አል ጃምቦ 1,088 ሰው ይዞ በዓለም መዝገብ ገባ፤ ከነዚህ ሁለቱ በበረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። ቦሌ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ለመነሣት ብዙ ይሮጣል። አብራሪው ልቡ እዚያ ላይ ነው እንጂ እኛን የሚያይበት ጊዜ ከየት ይምጣ?

እና ያየን እንዴት ነው? ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ሻንጣ ሳንይዝ፣ ዝም ብለን። አምቦበር መጥቶ የሰንበት ዳቦ ሲባረክ፣ ቄሶቻችን ሲጸልዩ፣ ሸክላ ሠሪዎቻችንንና አንጥረኞቻችንን አላየም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሰሙት ግን ከአብራሪው ወንበር የታየውን ነው።

እናንተስ? ያን ቀን አጠገባችሁ ማን ተቀምጦ ነበር? ምን አላችሁ? አብራሪውን ዓይን ለዓይን ያያችሁ አላችሁ? በጽሑፍም በድምፅም ላኩልን፤ መጻፍ ላልቻሉ እናቶችና አባቶች ቤታቸው መጥተን እንቀዳለን።